በስሟ የተጻፈ ወረቀት ያልነበራት ተማሪ፦ ከሃያ ዓመት የቤት እመቤትነት በኋላ ኮሌጅ የገባች እናት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ በተማሪዎች አማካሪነት እሠራለሁ። ለረጅም ዓመታት ቤትና ቤተሰብ ሲያስተዳድሩ ኖረው በፍቺ፣ በባል ሞት ወይም በባል ሕመም ምክንያት መተዳደሪያቸውን ያጡ ሴቶች ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ እንዲመለሱ መርዳት ከሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። በ2022 ጃንዋሪ ወደ ቢሮዬ የመጣች የአርባ አራት ዓመት እናት ጉዳይ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ የድጋፍ ፕሮግራማችን የሚሠራበትም የሚሰናከልበትም ቦታ በአንድ ሰው ጉዞ ላይ በግልጽ ታይቶኛልና። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት በፈቃዷ ሲሆን ማንነቷን ሊያስለዩ የሚችሉ ዝርዝሮችን ትቻለሁ። ዓመታቱ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፕሮግራሙ አመጣጥ

እንዲህ ያሉ ሴቶች በአሜሪካ ሕግ ራሱን የቻለ መጠሪያ ያገኙት በ1970ዎቹ ነው። «ዲስፕሌስድ ሆምሜከር»፣ ማለትም መተዳደሪያዋን ያጣች የቤት እመቤት፣ የሚለውን ስም ያወጡት የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቲሽ ሶመርስ ከሎሪ ሺልድስ ጋር ባደረጉት ዘመቻ ካሊፎርኒያ በ1975 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ የመጀመሪያው የአገልግሎት ማዕከልም በኦክላንድ ከተማ በሚልስ ኮሌጅ ተከፈተ። በ1978 እነዚህ ሴቶች በፌዴራሉ የሥራ ሥልጠና ሕግ ውስጥ ተካተቱ። በ1984 የወጣው የካርል ፐርኪንስ የሙያ ትምህርት ሕግ ደግሞ ለግዛቶች ከሚሰጠው ገንዘብ 8.5 በመቶው ለነጠላ ወላጆችና ለቤት እመቤቶች እንዲውል ደነገገ። ይህ የተለየ ድርሻ በ1998ቱ ማሻሻያ ተነሣ። በ2018 የታደሰው ሕግ ከሥራ ዓለም ውጭ የቆዩ ሰዎች በሚለው ምድብ ውስጥ ስማቸውን ቢጠራም ለብቻቸው የተመደበ ድርሻ የለም። የእኛም ክፍል በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ማዕከል ነበር፤ ዛሬ ሁለት አማካሪዎች በአንድ ጠረጴዛ የሚሠሩበት ክፍል ነው።

ሕጉ በአንድ ሰው ላይ የሚፈልጋቸው ነጥቦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ያለ ደመወዝ ቤትና ቤተሰብ ሲንከባከብ መቆየቱ፣ በሌላ የቤተሰብ አባል ገቢ ይተዳደር የነበረና ያ ገቢ የተቋረጠበት መሆኑ፣ እንዲሁም ሥራ ማጣቱ ወይም በቂ ሥራ ለማግኘት መቸገሩ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው፤ ያለ ደመወዝ የተሠራን ሥራ የሚመሰክር ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ የለምና።

የወይዘሮዋ ሁኔታ

ወይዘሮዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ማትሪክ ከተፈተነች በኋላ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለሦስት ዓመታት ያህል በገንዘብ ያዥነት ሠርታለች። በ2001 አገባች፤ በ2002 ባሏ በደረሰው የዲቪ ዕድል ከእርሱ ጋር አሜሪካ ገባች። ባል ታክሲ ነዳ፣ በኋላም አነስተኛ የመጓጓዣ ሥራ አቋቋመ። እርሷ ሦስት ልጆች አሳደገች፤ ከ2010 እስከ 2019 ድረስ ደግሞ የስኳር በሽተኛ የነበሩትን አማቷን አስታመመች። በ2021 የጸደይ ወራት ባልና ሚስቱ ተለያዩ፤ በዲሴምበር በስምምነት ተፋቱ። ልጆቹ ከእርሷ ጋር ቀሩ፤ የልጆች ቀለብ ተወሰነላቸው። ለራሷ ግን ምንም ድጎማ ሳትጠይቅ፣ የራሷ ጠበቃም ሳይኖራት የስምምነቱን ወረቀት ፈርማለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እህቴ፣ ለልጆቹ ከሰጠ ይበቃል ብዬ ነው፤ ሽማግሎቹም አደራ አሉኝ» አለችኝ።

ወደ ኮሌጁ የመጣችው ለራሷ አልነበረም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ለኮሌጅ ስታመለክት የፋፍሳን ቅጽ፣ ማለትም የፌዴራሉን የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ፣ ለመሙላት የእናቷ ፊርማ አስፈልጓት ነው። ልጅቷን ካስተናገድኩ በኋላ እናቲቱን እርሷስ መማር እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አሁን?» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን መጣች።

ችግሩ

በመጀመሪያ የፕሮግራሙን ስም በአማርኛ ለማስረዳት ሞክሬ ተሳሳትኩ። «ተፈናቃይ የቤት እመቤት» አልኳት። «እኔ እኮ ከጦርነት የሸሸሁ አይደለሁም» አለች፤ ይህ ፕሮግራም ለስደተኞች ነው ብላ ልትሄድ ነበር። ተፈናቃይ የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ቀዬው ተቃጥሎ፣ ልጁን አዝሎ መንገድ የወጣን ሰው ነው የሚያመለክተው። በግድግዳችን ላይ ለዓመታት ተለጥፎ የነበረው የአማርኛ ማስታወቂያም በዚሁ ቃል የተጻፈ ነበር። ስንት ሴት አንብባው እኔን አይመለከተኝም ብላ እንዳለፈች ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዋናው ችግር የወጣው ወረቀቶቿን ስናይ ነው። በፌስታል ይዛ የመጣቻቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። የቤት ኪራዩ ውል በቀድሞ ባሏ ስም ነው። የመብራቱም የስልኩም ሒሳብ በእርሱ ስም ነው። የባንክ ሒሳቡ የእርሱ ሲሆን እርሷ የምትጠቀመው ተጨማሪ ካርድ ነበር። የልጆቹ የክትባት ካርዶች፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቷ፣ የፍቺው ውሳኔ፣ አንድ የታጠፈ የማትሪክ ውጤት ቅጂ፣ እንዲሁም ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ነበሩ። ደብተሩን ወደ ፌስታሉ ልትመልሰው ስትል ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የአማቷ የመድኃኒት ደብተር ነው። የመድኃኒቶቹ ስም በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የተለካው የስኳር መጠን፣ የተወጋው ኢንሱሊን፣ የተበላው ምግብ፣ ሐኪሙ የለወጠው ነገር ሁሉ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳይዘለል ሰፍሯል። እርሷ ይህን ሥራ ብላ አልቆጠረችውም።

የማትሪክ ውጤቷም ብቻውን ብዙ ጣጣ አመጣ። ወረቀቱ የሚለው 1988 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ቁጥሩን እንደ አውሮፓ ዘመን ስላነበበው ሴትዮዋ በአሥር ዓመቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ሆነችና ፋይሉ «አጠራጣሪ» ተብሎ ተመለሰ። በዚያ ላይ የስሟ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በማትሪኩ ወረቀትና በዜግነት ምስክሩ ላይ በሁለት ፊደል ይለያይ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከትምህርቱ በፊት በስሟ ወረቀት እንዲኖር ማድረግ ነበረብን። ባንክ ሄደን የራሷን ሒሳብ ከፈተች፤ የስልኩን መስመር ወደ ስሟ አዛወረች፤ ከአከራዩ ጋር አዲስ ውል ፈረመች። ለማትሪኩ የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፌ፣ የስሙን ልዩነት ደግሞ በቃለ መሐላ አረጋግጣ፣ ሰነዱ የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ ለሚገመግም ድርጅት ተላከ። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን ጊዜ እንደ ባከነ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን በዚያ ሁለት ወር ተኩል ውስጥ ቢሮ መግባት፣ ወረፋ መያዝ፣ «አይሆንም» ሲባሉ ምክንያቱን መጠየቅ እንደተማረች አይቻለሁ።

ቀጥሎ የገንዘብ ድጋፉ መጣ። የ2022–23 የፋፍሳ ቅጽ የሚመለከተው የ2020ን ግብር ነው። በ2020 ደግሞ ባልና ሚስቱ ግብር ያስታወቁት በአንድነት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳንቲም ያልደረሳት የባሏ የንግድ ገቢ በሙሉ በእርሷ ስም ተቆጠረ። የመጀመሪያው ውጤት ድጋፍ እንደማይገባት የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ የመጨረሻ እንዳልሆነ የሚያውቁ ተማሪዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የተፋታች አመልካች ከጋራው ግብር ውስጥ የራሷን ድርሻ ብቻ ለይታ የማቅረብ መብት አላት፤ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውም ፍቺን የመሰለ የሁኔታ ለውጥ ሲያጋጥም ሒሳቡን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። የፍቺውን ውሳኔና ገቢው በሙሉ የባል መሆኑን የሚያሳዩ ቅጾችን አያይዘን እንደገና አቀረብን። በዚያን ጊዜው ቅጽ ላይ ከሥራ ስለተፈናቀሉ ሠራተኞች የሚጠይቀው ሣጥን መተዳደሪያዋን ያጣች የቤት እመቤትንም ስለሚያካትት እርሱንም ሞላን። በሁለተኛው ውሳኔ ሙሉው የፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ፣ ተፈቀደላት፤ በዚያ ዓመት ከፍተኛው መጠን 6,895 ዶላር ነበር። እርሷ የተመዘገበችው በግማሽ ጊዜ በመሆኑ የደረሳት ግማሹ ነው።

የምትፈልገው ነርስነት ነበር። የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተናው ግን ከነርስነት ትምህርት በፊት ብዙ የቋንቋ ኮርስ እንደሚጠብቃት አሳየ፤ ቤቱ ደግሞ ገቢ ይፈልጋል። ስለዚህ በአጭር ጊዜ የሚያልቀውን የነርስ ረዳት ሥልጠና እንድታስቀድም ተስማማን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሥልጠናው አጭር ስለሆነ ፔል ግራንት አይከፍልለትም። የፌዴራሉ ሕግ ለነርስ ረዳት ሥልጠና የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ጊዜ 75 ሰዓት ሲሆን፣ ፔል በዚያን ጊዜ በጥቅሉ የሚሸፍነው ከ600 ሰዓት ጀምሮ ያሉ ፕሮግራሞችን ነበር። ለዚህ የሚከፍለው በ2014 የወጣው የሥራ ኃይል ሕግ የሚያስተዳድረው ሌላ ገንዘብ ነው፤ እርሱም የሚገኘው በኮሌጁ በኩል ሳይሆን ሥራ ፈላጊዎችን በሚረዳው የመንግሥት የሥራ ማዕከል በኩል ነው።

በሥራ ማዕከሉ የተቀበላት ሠራተኛ ከሥራ የተባረረችበትን ደብዳቤ ጠየቃት። ደብዳቤ የለኝም፣ እዚህ አገር ተቀጥሬም አላውቅም ስትለው ከሥራ ያልተባረረ ሰው በዚህ ምድብ አይገባም ብሎ መለሳት። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ሕጉ ከሥራ የተፈናቀለ ሠራተኛን ሲተረጉም መተዳደሪያዋን ያጣች የቤት እመቤትን በግልጽ ይጠቅሳል፤ ያንን ክፍል አትሜ ይዤ ነበር። ሰውየው አንብቦ «እሺ፣ ግን የቤት እመቤት እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ የታለ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን ያገኘነው በአሮጌ ግብር ወረቀቶች ላይ ነው። በግብር ማስታወቂያው ቅጽ መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት ከፈረሙ በኋላ በየፊርማቸው አጠገብ ሥራቸውን የሚጽፉባት ጠባብ ሣጥን አለች። የግብር ሠራተኛው በየዓመቱ በእርሷ ፊርማ ጎን «የቤት እመቤት» የሚል ቃል ጽፎ ነበር። ፈርማለች እንጂ አይታው አታውቅም። የሰባት ዓመት ቅጾችን ከግብር ሠራተኛው ተቀብለን ከፍቺው ውሳኔ ጋር አቀረብን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሥልጠናው ክፍያ ተፈቀደ።

የሠመረውና ያልሠመረው

ሥልጠናውን ከጁን እስከ ኦገስት 2022 ተከታተለች። የተግባር ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈች፤ የጽሑፉን በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀች። ተፈታኝ ቢያንስ ሦስት ዕድል እንዲሰጠው የፌዴራሉ ደንብ እንደሚያዝ ስነግራት «ሦስት ጊዜ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ማትሪክ አንድ ጊዜ ነበራ። ያዘጋጀናት ደግሞ በተሳሳተ መንገድ ነበር። የቋንቋ መምህሯ ሰዋስው፣ የሙያ መምህሯ ስለ አልጋ ቁስልና ስለ ደም ግፊት ሲያስተምሯት ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። በዋሽንግተን ግዛት ኮሌጆች ሁለቱ መምህራን በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው የሚያስተምሩበት አይ-ቤስት የሚባል አሠራር አለ። ከፈተናው በኋላ ይህንኑ በትንሹ ሞከርነው፤ የቋንቋ መምህሯ የፈተናውን ቃላት ከሙያ መምህሯ ተቀብላ በእነርሱ ላይ ብቻ ለአራት ሳምንት አሠራቻት። በኦክቶበር አለፈች፣ በኖቬምበር በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ተቀጠረች።

የምሽቱ የሴቶች ውይይት ቡድናችን ለእርሷ አልሠራም። ሰዓቱ ልጆች እራት የሚበሉበት ነው። ከዚህም የባሰው፣ በሁለተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት አንዲት ሴት እዚያው ተቀምጣ አየቻት። ተመልሳ አልመጣችም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ ፍቺ ደግሞ ገና በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነው። ሌሎች ተማሪዎቻችን እንደ ትልቅ እፎይታ የሚቆጥሩት ቡድን ለእርሷ ስሟ የሚነሣበት አደባባይ ሆነ።

የኮሌጁ የሕፃናት ማቆያ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን የተግባር ልምምዱ የሚጀምረው አንድ ሰዓት ላይ ነበር። የሰጠናት የአውቶቡስ ካርድም በእሑድ የሥራ ፈረቃ አይረዳም፤ ሁለቱ አውቶቡሶች በእሑድ ጠዋት አይገናኙም። ሁለቱንም ችግር የፈቱት ከኮሌጁ ውጭ ያሉ ሴቶች ናቸው። አሥር ሆነው ዕቁብ የሚጥሉ ጓደኞች ነበሯት፤ በወር 300 ዶላር። ዳኛዋ ዕጣ ሳይወጣ የመጀመሪያው ዙር ለእርሷ እንዲሰጥ ስታደርግ ሌላዋ ዋስ ሆነች፤ በዚያ 3,000 ዶላር ያገለገለ ቶዮታ ገዛች። ትንሹን ልጅ ጎረቤቷ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርስላት ነበር። እኛ በሪፖርታችን «የመጓጓዣ ድጋፍ ተሰጥቷል» ብለን ጽፈናል። እውነቱን ለመናገር መጓጓዣውን የሰጠችው የዕቁቡ ዳኛ ናት።

ከሁሉ የከፋው በ2023 የጸደይ ወቅት ሆነ። እናቷ በኢትዮጵያ አረፉ። መሄድ አልቻለችም፤ ቤቷ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ለሁለት ሳምንት ከክፍል ቀርታ አንዱን ኮርስ አቋረጠች። ተመዝግባ ከነበረችባቸው ክሬዲቶች ያለፈችው ኮሌጁ ከሚጠይቀው 67 በመቶ በታች ስለሆነ ድጋፏ ሊቋረጥ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው የተላከው እርሷ ከፍታው በማታውቀው የኮሌጅ ኢሜይል ነው። ለስድስት ሳምንት ሳይነበብ ቆየ፤ የደረስንበትም በአጋጣሚ ነው። የእናቷን ሞት የሚያሳይ ሰነድ አያይዛ አቤቱታ ስላቀረበች ድጋፉ ቀጠለ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ስለ ገንዘብና ስለ ሰነድ ይህን ሁሉ ስናወራ ኢሜይሉን አብረን ከፍተን አናውቅም ነበር።

ለሌሎች የሚተርፍ ትምህርት

ይህ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የመቀበያ ቅጻችንን ለውጠናል። ቀድሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን መማር ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። አሁን የምንጀምረው በስሟ ያለውንና የሌለውን ወረቀት በመዘርዘር ነው። ያለፉት ዓመታት የግብር ቅጾች ከመጀመሪያው ቀን ይጠየቃሉ፤ ያቺ ጠባብ ሣጥን ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሴቶችንም አገልግላለችና። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ፋይል ላይ የዘመን አቆጣጠሩን የሚያስረዳ አንድ ገጽ አስቀድሞ ይያያዛል።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ወይዘሮዋ ከፍቺው በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ስለ ትዳር ጓደኛ ድጎማ ሲወስኑ ከሚያዩዋቸው ነጥቦች አንዱ ጠያቂዋ ተስማሚ ሥራ ለማግኘት የሚያስችላትን ትምህርት ወይም ሥልጠና ለመጨረስ የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው። የኮሌጅ የትምህርት ዕቅድ እንግዲህ በጠበቃ እጅ ማስረጃ ይሆናል። አሁን ከአካባቢው የነፃ ሕግ አገልግሎት ጋር ተነጋግረን፣ ገና ፍቺ ላይ ያለች ሴት ሳትመዘገብም ቢሆን ዕቅዱን እንሠራላታለን። ለሽማግሎችም ይህን ማስረዳት ተገቢ ነው እላለሁ፤ የሚያስታርቁትም የሚያፋቱትም እነርሱ ናቸውና። ትዳሩ አሥር ዓመት የሞላው ከሆነ ደግሞ የተፋታችው ሴት ሌላ ባል ሳታገባ 62 ዓመት ሲሞላት በቀድሞ ባሏ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጡረታ ልትጠይቅ ትችላለች፤ መጠኑም እስከ እርሱ ግማሽ ይደርሳል። ከእርሱ ድርሻ አይቀነስም፣ ፈቃዱም አያስፈልግም። ወይዘሮዋ ይህን ስትሰማ ማመን አቅቷት ነበር።

ሦስተኛው፣ አንዲት ሴት ወደ ሌላ ቢሮ ስትላክ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። በሥራ ማዕከሉ የተከለከለችው ሕጉ ስላልፈቀደላት አልነበረም። ሠራተኛው ያንን ምድብ አጋጥሞት ስለማያውቅ ነው። አብሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በወር ብዙ ሰው የሚያስተናግድ አማካሪ ለሁሉም ሊያደርገው እንደማይችል አውቃለሁ። ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ግን መደረግ አለበት የሚል እምነት አለኝ። ለማስታወቂያችንም «መተዳደሪያዎን አጥተው ወደ ትምህርት መመለስ ለሚፈልጉ እናቶች» የሚል አርእስት ሰጥተነዋል፤ ውይይቱንም ከቡድን ወደ ግል ቀጠሮ፣ ከምሽት ወደ ረፋድ አዛውረነዋል።

እስከ አሁን ያለው ሁኔታ

ልጅቷ የሁለት ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራለች። እናቲቱ በሳምንት 32 ሰዓት ትሠራለች፤ ከእንግሊዝኛ ኮርሶቿ ሁለቱ ይቀሯታል። የነርስነት ፕሮግራሙን በር ገና አልደረሰችበትም፤ በዚህ ፍጥነት ምናልባት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ኪራዩ ከደመወዟ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ለፍቺው ከፈረመችው ስምምነት ላይ የድጎማውን ጥያቄ አሁን ማንሣት አትችልም።

በሜሪላንድ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሠራ የነርስ ረዳት ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ መድኃኒት ለማደል ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ እርሷም ለዚህ ተመዝግባለች። ከሳምንታት በፊት ያንን ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ይዛ መጥታ፣ የመድኃኒቶቹን ስም ለማጥናት ይረዳት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አብዛኞቹ ሥልጠናው ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አሁን በየምሽቱ አንድ አንድ ገጽ እየገለበጠችው ነው፤ ባለፈው ሳምንት 2014 ላይ ደርሳ ነበር።